ስማርት ቴሌስኮፕ ለጎጃም ሰማይ፦ የትኛውን እንምረጥ?

ስማርት ቴሌስኮፕ ዓይን አስጠግተው የሚያዩበት ቱቦ አይደለም። ሌንስ፣ ካሜራ፣ ሞተርና ትንሽ ኮምፒውተር አንድ ሳጥን ውስጥ የገቡበት ዕቃ ነው። ስልካችሁ ላይ ካለው አፕ «ኦሪዮን ኔቡላ» (ኔቡላ በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው) ብላችሁ ትመርጣላችሁ፤ እሱ ራሱ ዞሮ ይፈልገዋል። ፎቶ ያነሳል፤ የከዋክብቱን አቀማመጥ ከካርታው ጋር ያስተያያል፤ ከሳተ ያስተካክላል። ከዚያ ባለ 10 ወይም ባለ 20 ሰከንድ ፎቶዎችን እየደራረበ ምስሉን ያጠራል። በዓይን ሲታይ ነጭ ጉም የሚመስለው ነገር ከ15 ደቂቃ በኋላ ቀለም አውጥቶ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ይላል።

ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ስለነዚህ ዕቃዎች የሚሰጠው ምክር አብዛኛው አውሮፓና አሜሪካ ላለ ሰው የታሰበ ነው። እዚያ የተበላሸ ዕቃ በፖስታ ይመለሳል፣ መብራት እምብዛም አይጠፋም፣ ሰማዩም ሌላ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ ወይም ዳንግላ ለሚኖር ሰው የመምረጫው ቅደም ተከተል ይለያል። የሌንስ ስፋት ኋላ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጠየቀው የት ሆናችሁ፣ በምን ኃይል፣ ከማን ጋር እንደምታዩ ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል እንሂድ።

1. ምን ማየት እንደምትፈልጉ ቁርጡን ለዩ

የሳተርንን ቀለበት በገዛ ዓይናችሁ ማየት ከሆነ የምትመኙት፣ ስማርት ቴሌስኮፕ አትግዙ። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ነው የሚያውቀው። ለምሳሌ ከርካሾቹ ስማርት ቴሌስኮፖች አንዱ በሆነው በሲስታር ኤስ50 ካሜራ ጁፒተር 20 ፒክሰል አካባቢ ብቻ ትይዛለች። አራቱ ትላልቅ ጨረቃዎቿ እንደ ነጠብጣብ ይታያሉ፤ የሰውነቷ ዝርዝር ግን አይወጣም። ለፕላኔት በተመሳሳይ ገንዘብ 6 ወይም 8 ኢንች መስታወት ያለው ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ ይሻላል። ባትሪ አይፈልግ፣ አፕ አይፈልግ፣ በእጅ ተገፍቶ ይዞራል።

ስማርት ቴሌስኮፕ የሚያምረው ኔቡላ፣ የከዋክብት ክምችት፣ ጋላክሲ፣ ጨረቃና (በማጣሪያ) ፀሐይ ላይ ነው። ሌላው ትልቅ ጥቅሙ ለብዙ ሰው ማሳየቱ ነው። በተለመደው ቴሌስኮፕ 40 ተማሪ ተሰልፎ እያንዳንዱ አንዳፍታ ያያል፤ ያየው ትክክለኛውን ነገር ይሁን አይሁን ግን መምህሩ አያውቅም። እዚህ ላይ ሁሉም አንድ ስክሪን ያያል። ዓይናቸው የደከመ አያትም፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት የማይችል ሕፃንም እኩል ያያሉ። ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተሰብ የምታስቡ ከሆነ ይህ ብቻውን ሚዛን ይደፋል።

2. የጎጃምን ሰማይ በልኩ እወቁት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሌሎች ምክሮች የምንለየው እዚህ ነውና።

ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከምናምን ላይ ናት። ባሕር ዳር 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ። ስለዚህ ለንደን ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን ከአገሩ የማያየውን እናያለን። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው ግዙፍ የከዋክብት ክምችት በሚያዝያ አጋማሽ እኩለ ሌሊት ላይ ከደቡብ አድማስ 32 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል (አድማስ 0፣ አናታችን 90 ዲግሪ ነው)። የካሪና ኔቡላ በየካቲት መጨረሻ እኩለ ሌሊት አካባቢ 20 ዲግሪ ይደርሳል። የሰሜኖቹም አይቀሩብንም። አንድሮሜዳ ጋላክሲ በህዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በሰሜን በኩል ወደ 60 ዲግሪ ትወጣለች። ሰባቱ ከዋክብት ደግሞ ከአናታችን ብዙ ሳይርቁ ያልፋሉ።

ይህ በረከት አንድ ጣጣ አለው። ርካሾቹ ስማርት ቴሌስኮፖች ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ ነው የሚዞሩት። ሰማይ ግን በሌላ ዘንግ ነው የሚዞረው። በዚህ የተነሳ ምስሉ ካሜራው ላይ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። በእኛ አካባቢ ኮከቡ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ሲሆን ሽክርክሪቱ ትንሽ ነው። ከአናታችን አጠገብ በሰሜን ወይም በደቡብ ሲያልፍ ግን ይብሳል። የኦሪዮንን ኔቡላ ለደብረ ማርቆስ ብታሰሉት፣ ጫፍ (በዚያ ሌሊት ከሁሉ ከፍ የሚልበት ቦታ) ከመድረሱ ከ3 ሰዓት በፊት ሽክርክሪቱ በሰዓት 6 ዲግሪ ያህል ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ በሰዓት ከ50 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ሰዓት ባለ 30 ሰከንድ ፎቶ ብታነሱ ጠርዝ ላይ ያሉት ከዋክብት ይለጠጣሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። «ከፍ ሲል ይሻላል» የሚለውን የፈረንጅ ምክር በግማሹ ብቻ ውሰዱት። ከ35 እስከ 60 ዲግሪ ከፍታ ባለው ጊዜ፣ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ሳለ አንሱት። ጥር አጋማሽ ላይ ኦሪዮን ጫፍ የሚደርሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲያው ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል የናንተ ሰዓት ነው። ልጆችም ገና አልተኙም።

አንዳንዶቹ ሞዴሎች ሽክርክሪቱን ለማጥፋት «ኢኳቶሪያል» የሚባል አሠራር አላቸው። ዕቃው ወደ ሰሜን ኮከብ አቅጣጫ ተጋድሞ ይተከላል። በአውሮፓ 50 ዲግሪ ላይ ይህ መጠነኛ ማዘንበል ነው። እኛ ጋ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ስለሆነች ዕቃው ሊተኛ ምንም አይቀረው። ክብደቱ ሁሉ በአንድ ጎን ይወድቅና ትራይፖዱ ይገለበጣል። ስለዚህ በዚህ አሠራር ተማርካችሁ አንዱን ሞዴል ከሌላው አታስበልጡ። የግድ ከፈለጋችሁት ሰፊ እግር ያለው ጠንካራ ትራይፖድ ግዙ፤ እግሩ ላይም በድንጋይ የተሞላ ከረጢት እሰሩበት።

ወራቱን ታውቋቸዋላችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው አያስጠጋም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ የጠራ ነው። ከየካቲት በኋላ አቧራና የእርሻ ቃጠሎ ጭስ አድማሱን ያደበዝዘዋል፤ በእንጅባራና በፋግታ በኩል ደግሞ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰል የከሰል ጭስ አለ። ወደ ደቡብ ዝቅ ብለው የሚታዩትን እነ ካሪናን የሚጎዳው ይሄ ነው። ለእነሱ ደጀን ጫፍ ላይ፣ የዓባይ በረሃ ከፊት ለፊት ገደል ሆኖ የተከፈተበት ቦታ ወደር የለውም።

3. የት እንደምትተክሉት ወስኑ

ባለንበት ጊዜ ማታ ሜዳ ላይ ካሜራ መሳይ ነገር ተክሎ መቆም ጥያቄ ያስነሳል። ጥያቄ ብቻ ከሆነም ደግ። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን ግቢ አስቡ። ጎረቤት ቀድሞ ይወቅ፣ ቀበሌም ይወቅ። የሰዓት ገደብ ባለበት ቦታ ከግቢ አትውጡ። ሰማይ ነገም አለ።

አንድ ምሽት ግቢያችሁ ውስጥ ቆማችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ። በየት በኩል ነው የተከፈተው? ባሕር ዛፉ ሰሜኑን ከጋረደው ብዙም አትጎዱም። ደቡቡና ምሥራቁ ከተከፈተ ይበቃል። የመንገድ መብራት በቀጥታ ሌንሱ ላይ የሚያርፍ ከሆነ አንሶላ ወይም ሸራ ዘርጉ። ዕቃው አፈር ወይም ሣር ላይ ይተከል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ቀን የያዙትን ሙቀት ማታ ይለቁታል፤ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ምስሉም አብሮ።

ግቢ ውስጥ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ የዕቃው ክብደት ብዙ አያሳስብም። በሚኒባስ ይዛችሁ የምትዞሩ፣ ጊዜው ሲፈቅድም ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚወጣው ጮቄ የምትሄዱ ከሆነ ግን ከ3 ኪሎ በላይ አትሸከሙ።

4. መብራትና ኔትወርክን ፈትሹ

እያንዳንዱን ሞዴል በሦስት ጥያቄ አንጥሩት።

ውስጡ ባትሪ አለው? በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ይደረጋል? ካለ በማንኛውም ጥሩ ፓወር ባንክ ይሠራል፤ መብራት ቢጠፋም ሌሊቱ አይበላሽም። የራሱ ልዩ ቻርጀር ብቻ የሚፈልገውን እኔ አልመክርም። ቻርጀሩ የተቃጠለ ዕለት ሁሉም ነገር ይቆማል።

ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? አብዛኞቹ የራሳቸውን ዋይፋይ ያወጣሉ፤ ስልካችሁ ከዕቃው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ማታ ኢንተርኔት አያስፈልግም። አፑን ለማውረድ፣ መጀመሪያ ቀን ዕቃውን ለማስጀመርና ለማደስ ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕቃውን ከሰው እጅ ስትቀበሉ፣ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ሳላችሁ ክፈቱት፣ አስጀምሩት፣ አድሱት። ከዚያ ስልካችሁን «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ አድርጋችሁ ዋይፋይ ብቻ ክፈቱና እንደሚሠራ አረጋግጡ። ይህን ሳታደርጉ ኔትወርክ ወደሌለበት አገር ይዛችሁት እንዳትሄዱ።

ጤዛ የሚከላከል ማሞቂያ አለው? ጣና ዳር ላላችሁ ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። ሌንሱ ላይ ጤዛ ከያዘ ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በጨርቅ መጥረግ ደግሞ ሌንሱን ይጭረዋል። ሲስታር ኤስ50 ይህ ማሞቂያ አለው። ሲበራ ባትሪ ይበላል፤ የህዳርና የታህሣሥ ውርጭም የራሱን ይወስዳል። አምራቹ «6 ሰዓት» ካለ እናንተ 4 ብላችሁ አስቡ።

5. አሁን ሞዴሎቹን አወዳድሩ

ገበያው ላይ ያሉት በሁለት ይከፈላሉ። ከ300 እስከ 600 ዶላር ገደማ የሚሸጡ ትንንሾች፣ ከ1,500 እስከ 4,000 ዶላር የሚደርሱ ትልልቆች።

ከትንንሾቹ ውስጥ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። ሲስታር ኤስ50 የ50 ሚሊሜትር ሌንስና የ250 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት (ሲረዝም ምስሉን የሚያጎላ፣ የሚታየውን ሰማይ ግን የሚያጠብ ልክ) አለው። 2 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። በአንድ ጊዜ 1.3 በ0.7 ዲግሪ ሰማይ ያሳያል። ታናሹ ኤስ30 ሌንሱ 30 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 150፣ ክብደቱ 1.65 ኪሎ ነው፤ ወደ 2.1 በ1.2 ዲግሪ ያሳያል። ድዋርፍ 3 ሌንሱ 35 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 150፣ ክብደቱ 1.3 ኪሎ ሆኖ ወደ 2.9 በ1.7 ዲግሪ ያሳያል። ካሜራውም ከሁለቱ ሲስታሮች የበለጠ ፒክሰል አለው።

ቁጥሮቹን እንዲህ አንብቧቸው። የሚሰበሰበው ብርሃን በሌንሱ ስፋት ካሬ ልክ ይጨምራል። ባለ 50ው ከባለ 30ው ወደ 2.8 እጥፍ፣ ከባለ 35ቱ ደግሞ 2 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ለትንንሽና ለደብዛዛ ነገሮች ባለ 50ው ይበልጣል። ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ስለሆነች ኤስ50 ላይ ሞልታ፣ አምራ ትታያለች። አንድሮሜዳ ግን 3 ዲግሪ ያህል ስለምትረዝም አትገባለትም፤ ክፍል በክፍል አንስቶ መስፋት አለበት። ድዋርፍ 3 በአንድ ፎቶ ሊያጠቃልላት ምንም አይቀረው። የሰባቱ ከዋክብት ክምችትም፣ የካሪና ኔቡላም ሰፋ ያለ እይታ ይወዳሉ።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለወጣቶች ክበብ፣ ግቢ ውስጥ ለሚያይ ቤተሰብ፦ ሲስታር ኤስ50። ጨረቃውና ፀሐዩ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ተገናኝቶ ማየት ይችላል፤ ማሞቂያውም አለው። ቦርሳ ይዞ ለሚዞርና ሰፊውን ሰማይ ለሚወድ፦ ድዋርፍ 3። ገንዘቡ ለሚያጥረው፦ ኤስ30፤ የሚያሳፍር ዕቃ አይደለም። በጠቆረው የገጠር ሰማይ ሥር ትንሽ ሌንስ ከተማ መሃል ካለ ትልቅ ሌንስ የማይተናነስ ምስል ያወጣል። ሰማያችን በጨለማ ሀብታም ስለሆነ ይህን ሀብት ዋጋ ሰጥታችሁ ቁጠሩት።

ፊልተር በሚመለከት፦ ኤስ50 ውስጡ ሁለት የብርሃን ዓይነቶችን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር አለው። ባሕር ዳር መሃል ላላችሁ ለቀይ ኔቡላዎች ይጠቅማችኋል። ለጋላክሲና ለከዋክብት ክምችት ግን አጥፉት፤ የእነሱን ብርሃን ራሱን ይቆርጠዋል።

ወደ ትልልቆቹ። የፈረንሳዩ ቬስፔራ 2 ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ሆኖ የተሻለ ካሜራ አለው፤ ዋጋው ግን ከኤስ50 በብዙ ይበልጣል። ልዩነቱ ያን ያህል ገንዘብ ያስወጣል ብዬ አላምንም። የዩኒስቴላር ኦዲሲ የ85 ሚሊሜትር መስታወት አለው። ኩባንያው ከምድር ውጭ ሕይወትን ከሚፈልገው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ከሴቲ ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ ባለቤቶቹን በሳይንስ ምልከታ ያሳትፋል፤ አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር የጠፈር ዓለት) ኮከብን ሲጋርድ ወይም ፕላኔት በሩቅ ኮከብ ፊት ስታልፍ ይለካሉ። አሜሪካ ቀን ሲሆን እኛ ሌሊት ነን፤ ከዚህ የሚላክ መረጃ ዋጋ አለው። የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ከሆናችሁ በቁም ነገር አስቡበት። ሴለስትሮን ኦሪጅን 152 ሚሊሜትር ነው፤ ከኤስ50 ወደ 9 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ግን 19 ኪሎ ይመዝናል፣ ዋጋውም 4,000 ዶላር ገደማ ነው። ቋሚ ቦታ፣ ቤትና ጠባቂ ላለው ተቋም እንጂ ለግለሰብ አይሆንም።

በዚያ ገንዘብ ስምንት ትምህርት ቤት አንድ አንድ ኤስ50 ሊደርሰው ይችላል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ስምንቱን እመርጣለሁ።

6. ማስመጣት

ውስጡ ሊቲየም ባትሪ ስላለ ከውጭ የሚመጣ ሰው በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ በአውሮፕላኑ ሆድ በሚጫን ሻንጣ ባይደረግ ይሻላል። ደረሰኙና ካርቶኑ አብረው ይምጡ። ድሮን እንዳልሆነ ለማስረዳት ከካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ከብዙ ንግግር ይሻላል። ቀረጡን አስቀድማችሁ ጉምሩክ ጠይቁ፤ ከገዛችሁ በኋላ መጠየቅ ሌላ ወጪ ነው።

ጥገና እዚህ የለም ብላችሁ ተነሱ። ስለዚህ አዲስ የወጣውን ከመሽቀዳደም፣ ብዙ ሰው ለዓመታት ተጠቅሞበት ችግሩ የታወቀለትን ምረጡ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ማታ ኮከብ ላይ አስተክላችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ። ከዋክብቱ ክብ ሆነው ከወጡና ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ከዞረ ጥሩ ነው።

7. የመጀመሪያው ምሽት

ከሁሉ በፊት የስልካችሁን ሰዓት እዩ። ብዙዎቻችን ስልካችንን በእጃችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እናስተካክላለን። ቴሌስኮፑ ሰዓቱንና ቦታውን የሚወስደው ከስልኩ ነው። ሰዓቱ 6 ሰዓት ከተዛባ ሰማዩ በሩብ ዙር የተዛባ ይመስለዋል፤ ኦሪዮንን ከመሬት በታች ይፈልጋል። ሰዓቱን «አውቶማቲክ» አድርጉት፤ የሰዓት ቀጠናው የምሥራቅ አፍሪካ፣ 3 ሰዓት ጭማሪ ይሁን። ጂፒኤሱንም ክፈቱ።

ትራይፖዱን አፑ በሚያሳየው ውሃ ልክ አስተካክሉ። ኮምፓሱን ከብረት በርና ከመኪና ርቃችሁ አስተካክሉ። በህዳር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሰማዩ በደንብ ይጨልማል።

በጨረቃ ጀምሩ፣ ካለች። ወዲያው ትታያለች፣ ተመልካችም ይደሰታል። ከዚያ ወደ ኦሪዮን ኔቡላ ወይም ወደ አንድሮሜዳ። ኔቡላ የምትፈልጉበትን ሌሊት ግን ጨረቃ የሌለችበት አድርጉት። በ10 ሰከንድ ፎቶ ጀምሩ፤ 20 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። አጠገቡ የሚመላለስ ሰው መሬቱን ያንቀጠቅጣል። ልጆቹን ጋቢ ለብሰው ራቅ ብለው እንዲቀመጡ አድርጉ፤ ስልኩን እዚያው ውሰዱላቸው።

ፀሐይን ለማየት የፀሐይ ማጣሪያው ቀድሞ ሌንሱ ላይ ይግጠም፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አፑን «ፀሐይ» በሉት። ያለ ማጣሪያ ካሜራው ይቃጠላል። ሰኔ 14፣ 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና መታየቷን ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 26፣ 2019 ዓ.ም. ደግሞ በግብፅ፣ በሱዳንና በየመን በኩል የሚያልፍ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ፤ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። ወሩ ሐምሌ ነውና ደመናው ከፈቀደ። ማጣሪያውን ግን ያኔ ለመግዛት አትጠብቁ።

8. ክረምቱን ማሳለፍ

ቴሌስኮፕ የሚበላሸው በብዛት በአገልግሎት አይደለም፤ በአስቀማመጥ ነው። የክረምቱ እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ሰኔ ሲገባ ዕቃውን ሙሉ ቀን ደረቅ ክፍል ውስጥ አናፍሱት። ክዳኑ በሚገጥም ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ ከምታገኟቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት። ባትሪውን ግማሽ ድረስ ሞልታችሁ ተዉት፤ ባዶ ሆኖ ከከረመ ይሞታል። በወር አንዴ አብሩት፣ ቻርጁን እዩ፣ ሌንሱን በብርሃን ፈትሹ፣ ደመናው ለአንድ ሌሊት ከተገለጠም አውጡት። መስከረም ላይ ኢንተርኔት ባገኛችሁበት ቀን አፑንና ዕቃውን አድሱ፤ የጥቅምት ሰማይ ሲከፈት በማደስ ሌሊት አታባክኑ።